በፈቃደ ስም የተመዘገቡት

ፈቃደ ከተቀበረ በኋላም መልእክቱ መምጣቱን አላቆመም። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ «ውድ ፈቃደ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የአንድ ሆቴል ወይም የአንድ ማኅበር የኢንተርኔት ስም ይጠራና ጊዜው ሊያልቅ መሆኑን፣ ካልታደሰም ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችል ያስታውቃል። ዘሪቱ ጠዋት ሱቁን ከፍታ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጣለውን ጨርቅ አንስታ፣ የባሏን ኢሜይል ትከፍትና ታነበዋለች። አታለቅስም። አንብባ ስትጨርስ አንዳንዴ የምታድሰውን ታድሳለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብላ ከውጭ የሚያልፉትን ባጃጆች ታያለች።

ሱቁ አርባ ምንጭ፣ በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ፈቃደ መጀመሪያ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አድርጎ ነበር የከፈተው። ቱሪስቱ እየበዛ ሲሄድ ለሆቴሎችና ለሎጆች ዌብሳይት መሥራት፣ ዶሜይን የሚሉትን የኢንተርኔት ስም ማስመዝገብ ጀመረ። ስሙን የሚመዘግበው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ካርድ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ አርባ ምንጭ ውስጥ ያለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፈቃደ ናይሮቢ ባለ ጓደኛው ካርድ ድርጅቱ ዘንድ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ከዚያ እየተቀነሰ የደንበኞቹ ስም በየዓመቱ ይታደሳል፣ እነሱ ለሱ በብር ይከፍሉታል። ነገሩ እንዲቀል ብሎ ሁሉንም ያስመዘገበው በራሱ ስም ነበር። ደንበኞቹም ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ አልነበራቸውም፤ ፈቃደ አለ።

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ትኩሳት ያዘው፣ ወባ ነው ተባለ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ዘሪቱ የተወለደችው ምዕራብ ዓባያ፣ ሙዝና በቆሎ ከሚያመርቱ ጴንጤ ቤተሰቦች ነው። ዘመዶቿ በአንድ አይሱዙ ተጭነው መጥተው አለቀሱላት። እሷ ግን ከድንኳኑ ሥር ተቀምጣ ሰዉ ሲገባና ሲወጣ ስታይ፣ ነገሩ የሌላ ሰው ለቅሶ ሆኖ ነበር የሚታያት። ያ ስሜት ያልፋል ብላ ስትጠብቅ ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱም ወጣ፤ አላለፈም። የዞኑ ግብርና መምሪያ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰደችና ሱቁ ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት ሲገኝ «ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ ነው» ትላለች።

ከባሏ እናት ከወይዘሮ ሙሉዬ ጋር በላይኛው ከተማ በሴቻ፣ በወይዘሮዋ ቤት ነው የምትኖረው። ወይዘሮ ሙሉዬ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ መጥተው በዚያው ቀሩ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም የከተማው ግማሽ አሁንም «ቲቸር» እያለ ነው የሚጠራቸው። ልጃቸው ሲሞት ጮኸው አለቀሱ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ። ምራታቸው አለማልቀሷን አይተው አንድም ቀን አልተናገሯትም። ነገር ግን በልባቸው ይዘውት ነበር።

የመጀመሪያው ስልክ የመጣው ነሐሴ ውስጥ ነው። የደወለው ጥዑመልሳን፣ ሴቻ ሸንተረሩ ላይ ያለው ሎጅ ሥራ አስኪያጅ ነበር።

«ዘሪቱ፣ እንዴት ሰነበትሽ» አለ። «ቴዎ ደውሎልኝ ነበር። ስማችሁ የተመዘገበው በፈቃደ ነው፣ ፈቃደ ደግሞ የለም፣ ድርጅቱ ያወቀ ዕለት ይዘጋባችኋል ነው የሚለው። ወደኔ አዛውሩት አለኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

«እውነቱን ነው» አለችው።

«ታዲያ ላዛውረው?»

«እንደፈለግህ።»

ቴዎ የፈቃደ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሱቁንም አብረው ነበር የከፈቱት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተጣሉ ሳይባሉ ተለያዩና ቴዎ ሴቻ ወጥቶ የራሱን ከፈተ። ቀብሩ ላይ ቃሬዛውን ከፊት የያዘው እሱ ነበር። ድንኳን ውስጥም እንግዳ ሲያስታጥብ፣ ወንበር ሲያስተካክል፣ እድርተኛውን ሲሸኝ ነበር የሰነበተው። ጥዑመልሳን በደወለ በማግስቱ በፈቃደ ኢሜይል አዲስ ዓይነት መልእክት ገባ። ፈቃደ፣ ይህ ስም ወደ ሌላ ነጋዴ እንዲዛወር ትስማማለህ? ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። ዘሪቱ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ሻይ ጠጣች።

በመስከረም አንድ ሆቴል ሄደ። በጥቅምት የአሳ አስጋሪዎቹ ማኅበርና አንድ የጀልባ አስጎብኚ ሄዱ። ደንበኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሄድም፤ የሚሄደው ማደሻው ሲደርስ ነው። ቴዎም ይህን ያውቃል። የማን ስም በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ከኢንተርኔት ላይ ማንም ሊያየው ይችላል፤ ቴዎ እያየ ወሩ ሲቃረብ ይደውላል። መልእክቱ ይመጣል፣ ዘሪቱ ትስማማለች።

ወይዘሮ ሙሉዬ ይህን የሰሙት ከገበያ ነው። ማታ ራት ላይ ጠየቋት።

«ቴዎ ደንበኞችሽን እየወሰደብሽ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም አላልኩትም።»

ወይዘሮዋ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። «ነገ አብሬሽ ወርጄ አየዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዘው ሲቀላ አብረው ወረዱ። ዘሪቱ ኮምፒውተሩን ከፍታ የአንዱን ደንበኛ ስም ጽፋ አሳየቻቸው። ማያው ላይ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወጣ። ወይዘሮ ሙሉዬ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። የልጃቸውና የልጃቸው አባት ስም ነበር።

«ይኼ የት ነው የሚታየው?»

«በመላው ዓለም።»

«የተዛወሩትስ?»

የሎጁን አወጣችላቸው። እዚያ ላይ የነበረው የቴዎ ስም ነው። ወይዘሮዋ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ስልክ ስጪኝ» አሉ።

ያን ሰሞን የከተማው ሥራ አስኪያጆች ያልጠበቁት ስልክ ሲደርሳቸው ሰነበተ። «እኔ ነኝ፣ ሙሉዬ። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩህ» ይላሉ ወይዘሮዋ። ስለ ዶሜይን የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ አላስፈለጋቸውምም። «ልጄ ያስመዘገበላችሁን ሚስቱ ታድሳለች፤ ወዴት ነው የምትሄዱት?» ነው የሚሉት። ሰዉ ያፍራል። ወደ ቴዎ ለመሄድ የተነሱ ሁለት ደንበኞች ተመለሱ። አንደኛዋ፣ ሲቀላ ፔንሲዮን ያላት ሻሺቱ፣ ሄዳ ከቴዎ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ነበር የተመለሰችው። ቴዎ ዋጋ ቀነሰ። ወይዘሮ ሙሉዬ ዘሪቱንም እንድትቀንስ አደረጓት። ቴዎ ዓመት ላሳደሰ ኢሜይል በነጻ ብሎ ወረቀት ለጠፈ። ወይዘሮዋ ወረቀቱን ቆመው አነበቡና ፊደል የተሳሳተበትን ቦታ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ አሳዩ።

ዘሪቱ መሀል ላይ ነበረች። አድሺ ሲሏት ታድሳለች፣ ተይ ሲሏት ትተዋለች። ፈቃደ ድርጅቱ ዘንድ ያስቀመጠው ገንዘብ እየተመናመነ ነው። ይህንንም አይታለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለመናገር አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ይከብዳት ነበር።

የጨንቻ ሸማኔዎች ማኅበር ስም የሚያልቀው ጥር ላይ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ደግፌ የሚባሉ፣ ራሳቸው ሸማኔ የሆኑ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ፈቃደ ዌብሳይቱን ሲሠራላቸው ሁለት ሌሊት ጨንቻ አድሮ የሸማውንና ድንጉዛ የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ ፎቶ አንስቶላቸው ነበር። ቴዎ ለአቶ ደግፌም ደወለ። አቶ ደግፌ የማደሻውን ከፈሉት። ቴዎ ማዛወሪያውን ላከ። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሙሉዬ ለአቶ ደግፌ ሳይሆን ለዘሪቱ ተናገሩ፦ «ይህችን እንዳትሰጪው። ይህችን ልጄ በጣም ይወዳት ነበር።»

ሁለቱ መልእክቶች አንድ ቀን ተከታትለው መጡ። አንደኛው ፈቃደ፣ ታድሳለህ? ይላል። ሁለተኛው ፈቃደ፣ ይዛወር ዘንድ ትስማማለህ? ይላል። ዘሪቱ ሁለቱንም አነበበች። አንዱንም አልተጫነችም። ኮምፒውተሩን ዘግታ ጨርቁን አለበሰችውና ወደ ቤት ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። ሌሎች መልእክቶች እየመጡ እነዚያን ወደ ታች ገፏቸው።

አቶ ደግፌ የመጡት የካቲት ውስጥ ነው። ከጨንቻ በጠዋት ወርደው በቀጥታ ሱቁ ደረሱ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጠፉ ቆመው ሰላምታ ሰጡ፤ ስለ ወይዘሮ ሙሉዬ ጤና ጠየቁ። ከዚያ፣ «ዌብሳይታችን ጠፋ» አሉ። «ኢሜይልም አይገባም። ጀርመን አገር ያለች ደንበኛችን በሰው ስልክ ደውላ፣ ምነው ዝም አላችሁኝ አለችን። ቴዎን ጠየቅሁት። እሱ ወደ አንቺ ላከኝ።»

«ጊዜው አልፎ ነው» አለች ዘሪቱ።

«ከፍለናል እኮ።»

«አውቃለሁ። የማዛወሪያው ጥያቄ ደርሶኛል። አልተጫንኩትም። አላደስኩትምም።»

አቶ ደግፌ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ፊቷን አዩት። «ለምን?» አሉ።

«አላውቅም፣ አቶ ደግፌ» አለች።

ለቴዎ ደወለችለት። ፈቃደ ከሞተ ወዲህ እሷ ስትደውልለት የመጀመሪያዋ ነበር። ቶሎ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ አለ፤ ገብቶ የት እንደሚቆም ጨነቀው፤ ድሮ የራሱ የነበረውን ወንበር አልፎ ግድግዳው ጋ ተጠጋ። ወይዘሮ ሙሉዬም ወሬውን ሰምተው ደረሱ። ቴዎ ቀረብ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እጃቸውን ሰጡት፤ አላነጋገሩትም።

ቴዎ ነገሩን አስረዳቸው። ያለፈበት ስም ወዲያው ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በፊት በነበረበት አካውንት ላይ ከእጥፍ በላይ ተከፍሎ ሊመለስ ይችላል። ዘሪቱ አካውንቱን ከፈተች። የተቀመጠው ገንዘብ አይበቃም። ቴዎ አዲስ አበባ ካለ ሰው ተውሶ የሚጠቀምበት ካርድ ነበረው፤ ቁጥሩን አስገባ። ድርጅቱ ካርዱ የሌላ ሰው መሆኑን አይቶ ተጠራጠረና አካውንቱን ቆለፈው። ወዲያው መልእክት መጣ፦ ውድ ፈቃደ፣ አንተ መሆንህን እንድናረጋግጥ የመታወቂያህን ፎቶ ላክልን።

አራቱም ወደ ማያው ጠጋ አሉ።

«መታወቂያው አለ አይደል?» አለ ቴዎ። «ፎቶ አንስተን እንላከው። ነገ ይከፈታል። እነሱ በምን ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ሙሉዬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የልጃቸው መታወቂያ ከዳዊታቸው ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ነበር። አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፎቶው ላይ ፈቃደ ጸጉሩን ገና ተቆርጦ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው።

ዘሪቱ መታወቂያውን አየችው፤ አላነሳችውም። ወደ አቶ ደግፌ ዞረች።

«ይኼን ከላክነው ስማችሁ ይመለስ ይሆናል» አለች። «ሞቷል ብዬ ከጻፍኩ ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ይቆያል፤ ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል። ስሙ የእናንተ ነው። እርስዎ የሚሉትን አደርጋለሁ።»

አቶ ደግፌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አሉ። «አፈር አልብሼዋለሁ። አሁን ደግሞ አለሁ እያለ ይጽፋል? እኔ ይህን አልችልም። ማኅበሩም ቢሆን እሺ አይልም።» ከዚያም ጨመሩ፤ «እውነቱን ጻፊ።»

«አቶ ደግፌ፣ ደንበኞቻችሁን ታጣላችሁ» አለ ቴዎ።

«እናጣ ይሆናል።»

ዘሪቱ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። በእንግሊዝኛ ነበር የምትጽፈው። ባለቤቴ ፈቃደ ባለፈው ግንቦት ሞቷል፤ እኔ ሚስቱ ነኝ፤ አካውንቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ብላ ጻፈች። ከሞተ ጀምሮ ይህን አረፍተ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ጽፋውም ተናግራውም አታውቅም፤ ሌሎች ናቸው ሲሉላት የኖሩት። አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። ጣቶቿ ብቻ ቀዝቅዘው ነበር። ላከችው።

ከኋላዋ ወይዘሮ ሙሉዬ መታወቂያውን በቀስታ መልሰው ሲጠቀልሉት ፕላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል። «ስሙን አጠፋሽው» አሉ።

«አዎ፣ እማማ» አለች።

አብረው ወደ ሴቻ ወጡ።

ድርጅቱ ከአዘኔታ ቃል ጋር የሞት ምስክር ወረቀት፣ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ፣ ጠየቀ። ዘሪቱ አላወጣችም ነበር። ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ከቤተሰብ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል ተባለች። ለወይዘሮ ሙሉዬ ነገረቻቸው፤ እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ጠዋት ተነስታ ስትወጣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ማዘጋጃ ቤት ወረፋ ይዘው ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስትሰጣቸው፣ ለከተማው ሰው ሁሉ ፊደል ሲያርሙ የኖሩት ሴት በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው የልጃቸውን ስም፣ የራሳቸውን ስም፣ «እናት» የሚለውንም ጻፉ። ፈረሙና ብዕሩን ለዘሪቱ አቀበሏት። ከዚያ የዘሪቱን እጅ ያዙ። የያዙት ለመደገፍ ይሁን ለሌላ ነገር ዘሪቱ አላወቀችም፤ ግን እስከ ሚኒባሱ ድረስ አልለቀቋትም።

ትርጉሙ፣ ማኅተሙ፣ የድርጅቱ መልስ ጊዜ ወሰደ። አካውንቱ ወደ ዘሪቱ ስም ተዛውሮ ሲከፈት የሸማኔዎቹ ስም አልነበረም። አንድ የማይታወቅ ሰው ወስዶት የቁማር ማስታወቂያ ለጥፎበታል። ጀርመናዊቷ ያን ዓመት ከሌላ ቦታ ገዛች። የአቶ ደግፌ የእህት ልጅ አሮን፣ ከሸማኔዎቹ ሁሉ እጀ ጥሩ የሚባለው፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ። አቶ ደግፌ ይህን ሲነግሯት ለመክሰስ አልነበረም፤ እንዴት ናችሁ ስላለቻቸው ነው። ዘሪቱ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግታ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ብቻዋን ስትሄድ ዋለች። ስለ አሮን አሰበች። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ሐዘኑ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ ይመጣል ይባላል፣ አይደርስም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ ጀመረች። የቀሩትን ደንበኞች አንድ በአንድ እየደወለች፣ ስማቸውን ከፈቃደ ወደራሳቸው አዛወረችላቸው። ወደ ራሷ አይደለም፤ ወደ ሆቴሎቹ፣ ወደ ፔንሲዮኗ፣ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን። ለሸማኔዎቹም አዲስ ስም በማኅበሩ ስም አስመዘገበችላቸው፤ አላስከፈለቻቸውም። ቴዎ ሰምቶ መጣ።

«እንዲህ ካደረግሽ እኮ ማናቸውም በፈለጉ ቀን ጥለውሽ ይሄዳሉ» አላት።

«ይሂዱ።»

«ያኔ ደንበኞቹ ጋ ከመደወሌ በፊት መጥቼ ላንቺ መንገር ነበረብኝ» አለ። «የፈቃደን ነገር ሳልጨርስ ነው ወደ ሥራው የገባሁት። ተጣልተን እንደተለያየን ነው የሞተብኝ።»

«መንገር ነበረብህ» አለች። ከዚያ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችለትና ተቀመጠ። ስለ ሌላ ነገር ትንሽ አወሩ። በማግስቱ ሁለቱም ደንበኛ መጥራታቸውን ቀጠሉ።

እውነትም ብዙዎቹ ሄዱ። ግን የሄዱት ወደ ቴዎ አልነበረም። የአዲስ አበባ ድርጅቶች በስልክ መልእክት ማደሻ ማስታወስ ጀመሩ፤ ከሁለቱም ይረክሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ፌስቡክ ይበቃናል» ብለው ተዉት። መጀመሪያ ወደ ቴዎ የሄደው ጥዑመልሳን ራሱ ተወው። ቴዎ በ2009 ዓ.ም. ሱቁን ወደ ሞባይል መሸጫ ቀየረ። ዘሪቱ ወደ መሥሪያ ቤቷ ተመለሰች፤ የቀሩላትን ጥቂት ደንበኞች ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባች ታድስላቸዋለች።

በቀጣዩ ዓመት ለመስቀል አቶ ደግፌ እሷንና ወይዘሮ ሙሉዬን ጠሯቸው። ጨንቻ ጉም ወርዶ፣ መንገዱ ረጥቦ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ቁርጥ ቀርቧል፣ ቂቤ የጠጣ ቆጮ አለ፣ ልጆች ደጅ ላይ እሳት እያነደዱ ይዘፍናሉ። ወይዘሮ ሙሉዬን ከሽማግሌዎቹ መሀል አስቀመጧቸው፤ ከአንድ የቀድሞ ተማሪያቸው አጎት ጋር ስለ ድሮ ትምህርት ቤት ክርክር ገጠሙ። ዘሪቱ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የቀረበላትን በላች። የአቶ ደግፌ ባለቤት ፋንታዬ ጎኗ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይበርድሻል?» አሏት።

ዘሪቱ ልትል የነበረው ደህና ነኝ ነው። እንደዚያ ስትል ነው የኖረችው።

«አዎ» አለች፣ «በጣም በርዶኛል።»

ፋንታዬ ተነስተው ከጓዳ ወፍራም ጋቢ አመጡና ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ አለበሷት። ዘሪቱ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። ደጅ ልጆቹ ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።